የባሕር ውኃ የጠጣ በረንዳ

ሎሚዋን ባላያት ኖሮ ያን ቀን ልብሴን አጥፌ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ በሰላም እውል ነበር። እሑድ ረፋድ ነው፤ ከሆቴል ሥራዬ ያረፍኩበት ቀን። ልጄ ሂክማ በቪዲዮ ደወለች። ጓደኛዋ ልታገባ ስለሆነ እሷና እኩዮቿ ተሰብስበው ሳቫና ወደምትባል ከተማ ለሽርሽር ሄደዋል። የዓለም ሰው ለሽርሽር ላስ ቬጋስ ይመጣል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ከላስ ቬጋስ ወጥተው ይሄዳሉ። ሳቫና ወደ ደቡብ በኩል ያለች የጥንት የወደብ ከተማ ናት አሉ። የተከራዩት ቤትም እንደ ከተማዋ የጥንት ነው።

“እማዬ፣ እዪው! ቪክቶሪያን ነው፤ በጣም ሂስቶሪክ!” እያለች ስልኳን ታዞረዋለች።

አየሁት። ጣሪያው ሹል ነው፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ እንጨቱ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ፎቁ ላይ ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለ። ከበረንዳው ጣሪያ ላይ ቅጠላቸው የተንዠረገገ ተክሎች በየማሰሮው ተሰቅለዋል፤ አንዷ ልጅ ውኃ ታጠጣቸዋለች፤ ውኃው ጣውላው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሂክማ መሐል ላይ ቆማ ትስቃለች። ያን ጊዜ ነው ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ሎሚ የወደቀችው። ወደቀችና አልቆመችም። ወደ ቤቱ ግድግዳም አልሄደችም። የሚጠራት ሰው ያለ ይመስል ተጣድፋ ወደ ውጭ ተንከባለለች፤ በመደገፊያው ሥር ሾለከችና ወደ ታች ቀረች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ የያዝኩትን አንሶላ ለቀቅኩት።

“ሂክማ፣ ግቢ! አሁኑኑ ቤት ውስጥ ግቢ!”

“ምን? ምን ሆንሽ?”

“በረንዳው ይወድቃል! ውረጂ ከዚያ!”

“ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ። ለዝናብ ነው እንደዛ የተሠራው። ውኃው እንዲወርድ። የቤቱ ሰውዬ ኤክስፕሌይን አድርጎናል።”

“ግድግዳው ጋ ያለውን አሳዪኝ። ጣውላውና ግድግዳው የሚገናኙበትን።”

“አሁን አልችልም። ፎቶግራፈሩ እየመጣ ነው። እሱ ታች ይሆናል፣ እኛ ሁላችንም እዚህ ላይ ሆነን ጃምፕ እናደርጋለን። በአንዴ! በጣም ኪዩት ነው የሚሆነው። መልሼ እደውላለሁ። ላቭ ዩ፣ ባይ።”

ዘጋችው። ሁላችንም ጃምፕ እናደርጋለን አለችኝ። በአንዴ።

መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። እነዚህ ልጆች ስልካቸውን ሽንት ቤት እንኳ ይዘው ይገባሉ፤ እናታቸው ስትደውል ግን ስልኩ የት እንደሚሰወር አላህ ይወቀው። ለአባቷ ደወልኩ። ሰይድ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ነበር። የሎሚዋን መንከባለል፣ የውኃውን ጠብታ፣ ሊዘሉ መሆኑን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀና፣

“ስለ ሎሚ ነው የደወልሽልኝ?” አለኝ።

“ስለ ልጅህ ነው!”

“አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ አሜሪካ ነው። እዚህ ቤት ሳይመረመር አይከራይም። ኢንስፔክሽን የሚባል ነገር አለ።”

“አባቴም እንዲሁ ነበር የሚለው።”

“አባትሽ ስለ ኢንስፔክሽን ምን ያውቃሉ ደግሞ?”

“ጣሊያን የሠራው አይወድቅም ይል ነበር።”

ተሳፋሪ መጣልኝ ብሎ ዘጋው። ሌላ ቀን ተራ ስጠብቅ ዋልኩ፣ አንድ ሰው ጠፋ እያለ ጆሮዬን የሚያደነቁረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ተሳፋሪው ከሰማይ ወረደለት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ በተለይም አሰብን የምታውቁ፣ ለምን እንዲያ እንደሆንኩ ሳይገባችሁ አይቀርም። ለሌላው ግን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ።

ልጅ እያለሁ የኖርነው አሰብ ነው። አባቴ ከወሎ ወርዶ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር፤ እኛም ተከትለነው ወረድን። የደረሰን የቀበሌ ቤት ነው፤ በአሮጌው ሰፈር፣ ባሕሩ ጥግ፣ ፎቅ ያለው። የታችኛው ግድግዳ ከባሕር በወጣ ነጭ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን ላዩ ግን እንጨት በእንጨት ነበር። ማን እንደሠራው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ጣሊያን ነው የሠራው ይላል። ጎረቤታችን እማማ ሐዋ ደግሞ የለም፣ የዓረብ ነጋዴ ነው ያሠራው ይላሉ። በዚህ ነገር ሁለቱ ተከራክረው አይጠግቡም ነበር። በሮቹ ሰማያዊ ነበሩ፤ ቀለማቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ደረጃው ሲረግጡት ይጮሃል፤ እኛ ልጆች በጩኸቱ ብቻ የሚመጣውን ሰው እንለይ ነበር። የአባቴ ከባድ ነው፣ የእማማ ሐዋ እያረፈ ነው የሚመጣው፣ የእናቴ ጥድፍ ጥድፍ ይላል።

በረንዳው ግን ሌላ ነበር። በፎቁ ክፍሎች ሁሉ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ወደ ባሕሩ ያያል። ምሰሶዎቹ የተቀረጹ፣ መደገፊያው አበባ አበባ እየተደረገ የተፈለፈለ። ዛሬ ሂክማ ብታየው ሂስቶሪክ ብላ ፎቶ ታነሳው ነበር። እኛ በረንዳ ነበር የምንለው። እዚያ ይበላል፣ እዚያ ልብስ ይሰጣል፣ እዚያ ይተኛል፣ የጠፋ ልጅ እዚያ ይፈለጋል። ከታች የጨው፣ የደረቀ ዓሣና የመርከብ ዘይት ሽታ ተቀላቅሎ ይወጣል። አሁንም አንዳንዴ በሆቴሉ የዕቃ መግቢያ በኩል ሳልፍ ዘይት የነካው ገመድ ሲሸተኝ፣ ዕድሜዬ ከላዬ ላይ ወርዶ ልጅ እሆናለሁ። ከዚያ ሱፐርቫይዘሯ ስሜን ትጠራና ይመለስልኛል።

ሙቀቱን ለመናገር ቃል የለኝም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሰው ስለ ሙቀት ሲያማርር ስሰማ እበሽቃለሁ። ከቀዝቃዛ ቤት ወጥቶ ቀዝቃዛ መኪና እስኪገባ ባለችው መንገድ ሞትኩ ይላል። አሰብ ኤሲ የነበረው የአለቆች ቢሮ ነው። እኛ የነበረን ውኃ ነው፤ እሱም የባሕር።

ወሎ ሳለን እናቴ ቤት ከመጥረጓ በፊት መሬቱ ላይ ውኃ ትረጫለች። አቧራው ይተኛል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩም ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። ይህን ሳትለምድ ያደገች የአገራችን ሴት አላውቅም። ታዲያ ያንኑ ልማድ ይዘን አሰብ ገባን። ወለሉ ተለወጠ፤ ሴቶቹ ግን አልተለወጡም። ፀሐይ ዘወር ስትል ባልዲ ይወጣል። የቧንቧው ውኃ ለመጠጥና ለወጥ ነው፣ ማን መሬት ላይ ይደፋዋል? እኛ ልጆች ወደ ባሕሩ ወርደን በባልዲ እየቀዳን፣ ግማሹን እግራችን ላይ እየደፋን፣ ደረጃውን እንወጣለን። ሴቶቹ በጣሳ እየጨለፉ በረንዳውን ያጥለቀልቁታል። የጋለው ጣውላ ቺስ ይላል፣ እንፋሎት ይነሳል፣ የራሰ እንጨት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እኛ በባዶ እግራችን እየተንሸራተትን እንጮሃለን። ያን ያህል የተደሰትኩበት ጊዜ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ውኃው ሲደርቅ ጣውላው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። እናቴ በዚያ ትኮራ ነበር። “ታጥቦ እንዴት እንደነጣ አየሽው?” ትላለች። በየቀኑ ነበር፣ ሁሉም ቤት። እንጨት አፈር አይደለም ብሎ የነገረን አንድ ሰው የለም። አፈር የጠጣውን ይጠጣና ይረሳል። እንጨት ግን አይረሳም። ጨዉ ምስማሩን እየበላው፣ ጣውላው ከሥሩ እንደ ራሰ ዳቦ እየላላ እንደሆነ ማን ጎንበስ ብሎ ይይ? ከላይ ንጹሕ ነዋ።

እኔ ብይ እወድ ነበር። የወንድ ጨዋታ ነው ተዪ እየተባልኩ እጫወት ነበር። በረንዳው ላይ ብይ ለመጫወት ወለሉን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ ወለል ጥንት ወደ ግድግዳው በኩል ያጋደለ ስለነበር፣ ብይ ስትለቂ ዞራ ዞራ ወደ ቤቱ ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ደብተሬን ወርውሬ፣ ቁጭ አልኩና አንዷን ለቀቅኳት። ወደ ባሕሩ ሄደች። ሌላ ለቀቅኩ፤ እሷም እህቷን ተከተለች። ታች ድንጋዩ ላይ ቋ ስትል ሰማኋት። ተነሳሁና ግድግዳው ጋ ሄድኩ። ጣውላውና ግድግዳው የሚገናኙበት፣ ድሮ ወረቀት የማያሳልፈው ቦታ፣ አሁን እጄን አሳለፈ። ዓይኔን ወደ ክፍተቱ ባስጠጋ ታች የምትጭር ዶሮ አየሁ።

ለእናቴ ነገርኳት።

“እማ፣ ብይዋ ወደ ባሕር ሄደች።”

“ታዲያ ወርደሽ አምጪያት።”

“በረንዳው ዘሟል እኮ! ዶሮ ይታያል!”

“ብይ ተዪ ብዬሽ አልነበር? ይኸው፣ አሁን ደግሞ ዶሮ መጣ።”

አባቴ ከሥራ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነበር። እሱ እንኳ ይሰማኛል ብዬ ሄድኩ። ራሴን ዳበስ ዳበስ አደረገኝና፣ “አይዞሽ፣ ጣሊያን የሠራው አይወድቅም” አለኝ። እማማ ሐዋ ከክፍላቸው ሆነው ሰምተዋል። “የዓረብ ነው! የማይወድቀውም ለዚያ ነው!” ብለው ጮኹ። አባቴ መለሰላቸው፣ እሳቸውም መለሱለት፤ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። ሁለቱም ስለ ማይወድቅ ቤት ሲከራከሩ እኔና ክፍተቱ ተረሳን። ልጅ ሆኖ እውነት መያዝ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜም ያው ነው፣ ሌላ አይምሰላችሁ።

እማማ ሐዋ ዑመር የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ መርከበኛ ነው። በቤታችን ልማድ፣ የቤቱ ሰው ያለበት መርከብ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ በረንዳው ላይ ይወጡና ነጠላና ሻሻቸውን እያውለበለቡ እልል ይላሉ። ባሕር ላይ ያለው ሰው ነጩን ከሩቅ ያያል፤ ቤቱ ደህና መሆኑን፣ እናቱም በሕይወት መኖሯን ያውቃል። ዑመር ጠፍቶ ከርሞ ነበር። እማማ ሐዋ ሰው ፊት አያለቅሱም፤ ግን መርከብ በገባ ቁጥር ብቻቸውን ወጥተው ይቆሙ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አባቴ ከወደቡ ልጅ ላከ፤ የዑመር መርከብ መጥቷል ተባለ።

ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። መጀመሪያ በረንዳው በደንብ ታጠበ፤ እንዴት ብሎ ሳይታጠብ ይቀራል! ከዚያ ሴቶቹ ልብስ ለወጡ። የታች ቤት ሴቶችም ወጡ፣ የማዶ ጎረቤቶችም መጡ። እማማ ሐዋ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ መሐል ላይ መደገፊያውን ይዘው ቆሙ። የመርከቡ ጡሩምባ ሲነፋ እልልታው ቀለጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እግሬ ደፉን አልሻገርም አለ።

“ነይ እንጂ፣ ዑመርን አታዪውም?” አለች እናቴ።

“አልመጣም። አንቺ ነይ።”

“ይቺን ልጅ ዛሬ ምን ነካት?”

“እማ፣ ነይ! ይወድቃል!”

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ “ልጅሽ ምነው እንደ አሮጊት ትባንናለች?” አለቻት። እናቴ በሰው ፊት መዋረድ አትወድም፤ ዝም በይ አለችኝ በዓይኗ። ዝም አላልኩም። ጮህኩ፣ መሬት ረገጥኩ፣ አለቀስኩ። ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ ሲቀር በአፌ የመጣልኝን ተናገርኩ። “ደደቦች! ሁላችሁም ደደቦች ናችሁ!” አልኩ። እንግዲህ በእኛ ጊዜ ልጅ ትልቅ ሰው ሰድቦ የሚደርስበትን ታውቃላችሁ። እልልታው ተቋረጠ። የእናቴ ፊት ጠቆረ። ጥርሷን ነክሳ፣ ሴቶቹን በክንዷ እየገፋች፣ በረንዳውን አቋርጣ መጣችና ደፉን አልፋ ጭኔን ያዘችው። ቁንጥጫው እስከ አጥንቴ ገባ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከእኔ በፊት የጮኸው ግን በረንዳው ነው።

ሰው ነጎድጓድ ይመስለዋል። አይደለም። ብዙ ጨርቅ በአንዴ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው፤ የዛገ ምስማር ከእንጨት ሲነቀል እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያ በሩ ፊት ለፊት ምንም አልነበረም። ባሕሩ ብቻ። ነጭ ነጠላ አየር ላይ ቆየና ቀስ እያለ ወረደ። ከታች ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ ከዚያ የሁሉም ጩኸት አንድ ላይ መጣ። እናቴ ጭኔን አልለቀቀችውም። እየቆነጠጠችኝ መሆኑን ረስታዋለች። ሁለታችንም ደፉ ላይ እንደቆምን አባቴ ከወደብ ሮጦ እስኪመጣ ቀረን።

ብዙ ሴቶች እጅና እግራቸው ተሰበረ። ዑመር ኋላ ላይ ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ከመርከቡ ላይ ነጩን አይቶ እናቴ አለች ብሎ ተደሰተ፤ ገመድ ሊስብ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ግድግዳው ባዶ ነበር። ሆስፒታል ሄዶ አገኛቸው። እማማ ሐዋ እጁን ይዘው “ከስተሃል” አሉት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ጣሊያን ነው ዓረብ ነው የሚለው ክርክር ያን ጊዜ አበቃ። አባቴ ብቻውን ሊቀጥለው አልፈለገም።

ለእኛ የሚሆን ሌላ ቤት አልተገኘም። እናቴ ከእንግዲህ ፎቅ አልረግጥም አለች፤ አባቴም ሰብስቦን ወደ ወሎ መለሰን። በዚያ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር፤ የእኔ ትምህርት እዚያው አሰብ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። እናቴ ልክ ነበርሽ ብላኝ አታውቅም። እስክትሞት ድረስ ታሪኩን ስታወራ፣ “ይቺ ባለጌ ሰድባን አወጣችኝ” ነበር የምትለው። እሷ ዘንድ ምስጋና ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲዞር ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። በመጨረሻ አነሳች። ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል፣ አንዲት ልጅ “ሪዲ ነን!” ትላለች።

“እማዬ! ይሄ ሁሉ ሚስድ ኮል ምንድነው? ሰው ሞተ እንዴ?”

“እስካሁን አልሞተም። የት ነሽ?”

“በረንዳው ላይ! ፎቶግራፈሩ መጥቷል፣ ታች እየጠበቀን ነው።”

የአሰብን ነገር ልነግራት አሰብኩ። ዶሮዋን፣ ምስማሩን፣ እማማ ሐዋን። ጊዜ የለም፤ ደግሞም እውነት ተናግሬ የሰማኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ሌላውን መንገድ ያዝኩ።

“ሂክማ፣ ስሚኝ። ሁላችሁም አሁን ካልወረዳችሁ ቲኬት ቆርጬ እመጣለሁ።”

“ምን?”

“ዛሬ። ሽርሽራችሁ እስኪያልቅ አብሬያችሁ እዞራለሁ። እናንተው ጋ ነው የምተኛው። ለሙሽራዋም ስለ ትዳር እመክራታለሁ፤ ሁሉንም ነገር፣ ምንም ሳላስቀር።”

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አታደርጊውም፣ እማዬ።”

“ወላሂ አደርገዋለሁ። የአባትሽን ሻንጣ አውርጄ አልጋው ላይ አድርጌዋለሁ።”

“እማዬ፣ ፕሊስ! ኦኬ! ኦኬ! ጋይስ፣ እንውረድ። ሲሪየስሊ። እናቴ ክሬዚ ሆናለች፣ ትመጣለች!”

“እትዬ ዘሃራ? እዚህ?” አለች አንዷ። “ኦ ኖ። ውረዱ፣ ውረዱ!”

እንዳትዘጊው አልኳት። አልዘጋችም። በስልኩ ውስጥ የደረጃው ጩኸት ይሰማኛል፤ ጫማ በጫማ ላይ፣ ሳቅ፣ ስለ እኔ የሚወራ ነገር። አንድም ቃል አላስቀየመኝም። ከዚያ በር ተከፈተና የወፍ ድምፅ መጣ።

“ወርደናል። ረክተሻል?”

“እግርሽን አሳዪኝ።”

“እማዬ!”

“አሳዪኝ አልኩሽ።”

ስልኳን ወደ ታች አዞረችው። ጥፍሯ ቀይ የተቀባ፣ ሣር ላይ የቆመ እግር። የሁሉንም አሳዪኝ አልኳት። እያጉረመረመች አሳየችኝ። ሣሩ ላይ የተሰለፈ እግር ብቻ፣ ግማሹ ጫማ ያደረገ፣ ግማሹ ባዶ። ፎቶግራፈሩ የሆነ ነገር አለ፤ ሁሉም በአንዴ ዘለሉ፣ በአንዴም መሬት ላይ አረፉ። እኔ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

በረንዳው አልወደቀም። ሰይድ ይህንን በየቀኑ ይነግረኛል። እስከ ዛሬ ቆሞ ይሆናል፣ ይቁምላቸው፤ እኔ እንዲወድቅ አልተመኘሁም፣ ልጄ እንድትወርድ ነው የተመኘሁት። ሂክማ ከሽርሽር ስትመለስ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሙሽራዋ ግን የሣሩን ፎቶ ወድዳ ትልቅ አድርጋ አሳትማዋለች አሉ። ስለ አሰብ በኋላ ለሂክማ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “እማዬ፣ ፎቶ አለሽ?” አለችኝ። የዚያ ቤት ፎቶ የለኝም። ቢኖረኝ ደግሞ እሷ የምታየው አበባ አበባ የተፈለፈለውን እንጨት ነው፤ እኔ የማየው ሥሩን።

ያኔ ቤታችን በሰው የተሞላ ነበር፤ ሲስቁ አብረው፣ ሲወድቁም አብረው ነበር። ያን እልልታ አሁንም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም፤ የራሰ ጣውላ ሽታም ይናፍቀኛል። ዛሬ ከላስ ቬጋስ ጥግ ባለችው ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት ከሚባለው መንገድ ጀርባ ያለችው ቤታችን ፎቅ የላትም። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፤ ውኃ ቢደፋበትም ባይደፋበትም ግድ የለውም። ሂክማ ቤታችን ምንም ታሪክ የለውም እያለች ትቀልዳለች። ደስ ይለኛል። ልጄ በሩን ከፍታ ገብታለች፣ ጫማዋን መሐል ወለል ላይ ጥላዋለች፣ አሁንም ስልኳ ላይ ናት። መሬት ላይ ነን። አልሐምዱሊላህ፣ ድነናል።